ሞተሩ ሲፈላ ክዳኑን አትክፈቱ!

በዚህ እትም በሳይንስ ዓምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ መኪና ሞተር ማቀዝቀዣ ነው። ወደ እንጭኒ ከሚመጡት አይሱዙዎችና ሚኒባሶች ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው። ጭነት ይዘው ዳገት ሲወጡ ይፈላሉ። ያን ጊዜ "ቢሻን! ቢሻን!" ሲባል ጄሪካን ይዘን የምንሮጠው እኛ ልጆች ነን። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል። አጎቴ መካኒክ ስለሆነ ከእሱ ጠይቄ የተረዳሁትን ከሳይንስ ትምህርታችን ጋር አያይዤ ጽፌዋለሁ።

ሙቀቱ እንዴት ይወጣል?

ነዳጅ ሞተር ውስጥ ሲቃጠል የጋዙ ሙቀት ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ይህ ሙቀት ካልወጣ ብረቱ ይበላሻል። የውሃ ፖምፓው ውሃውን በሞተሩ ውስጥ ያዞረዋል። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፣ እዚያ በፋኑ ነፋስ ቀዝቅዞ ይመለሳል። መሃል ላይ ተርሞስታት የሚባል ትንሽ በር አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ይዘጋል፣ በብዙ መኪና ላይ 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል።

ክዳኑ ለምን አደገኛ ሆነ?

ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ቶሎ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እኛም ደጋ ላይ ነን። የራዲያተር ክዳን ግን ውሃውን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው 100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ድንገት ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል፤ ውሃው ባንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይፈነዳል። አጎቴ ጋር የሚሠራ አንድ ረዳት ከክርኑ እስከ መዳፉ ጠባሳ አለው። ያገኘው እንዲህ ነው።

ችግሩን እንዴት እናገኛለን?

አጎቴ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ ሹፌሩን "መቼ ነው የሚፈላው?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ መንገድ ያሳየዋል።

1. ቆሞ ሲሠራ ብቻ የሚፈላ ከሆነ ፋኑን ያያል። ቺንጋው ከላላ ፋኑም ፖምፓውም በደንብ አይዞሩም።
2. ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ራዲያተሩን ይጠረጥራል። ከውጭ ጭቃና ገለባ፣ ከውስጥ ዝገትና ዝቃጭ ይደፍነዋል።
3. ተነስቶ ብዙ ሳይሄድ ከፈላ ወይ ውሃው ጎድሏል፣ ወይ ተርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል። ሞተሩ ግሎ ወደ ታችኛው ራዲያተር ክፍል የሚሄደው ውሃ ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው እየዞረ አይደለም ማለት ነው።
4. ውሃ በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ ቱቦዎቹን፣ ፖምፓውንና የመኪናውን ሥር ያያል። የሚንጠባጠብ ነገር ከሌለና ነጭ ጭስ ከበዛ፣ ወይም ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል።

አንዳንድ ሹፌሮች ተርሞስታቱን አስወጥተው ይጥሉታል። አጎቴ ይህን አይወድም። በእኛ ብርድ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅም ይበላል። እሱ ተርሞስታቱን አውጥቶ ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ያሞቀዋል፤ ከተከፈተ ደህና ነው፣ ካልተከፈተ ይቀየራል።

"ውሃ መጨመር እኮ ጥገና አይደለም። የድሮው ውሃ የት ሄደ ብለሽ ጠይቂ" ይለኛል። እውነቱን ነው። ውሃ እየጨመረ የሚሄድ ሹፌር አንድ ቀን ቴስታታው ይሰነጠቅበታል። ቺንጋ ለመቀየር የሳሳ ሰው ያን ጊዜ ለሞተር ይከፍላል፤ መኪናው እስኪሠራ ቤተሰቡም ገቢ የለውም።

እኛ ምን እናድርግ?

ውሃ ስጡን ስንባል ጄሪካኑን ለሹፌሩ ሰጥተን ራቅ እንበል። ሞተሩ ጠፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ከዚያ ክዳኑን የሚከፍተው ትልቅ ሰው ነው፤ እሱም በወፍራም ጨርቅ ይዞ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ቀስ እያለ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። ሰው ከተቃጠለ ቁስሉ ላይ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ አይቀባም!

በክረምት ዕረፍት ረዳት ሆናችሁ የምትሠሩ ልጆች አላችሁ። "ቶሎ ክፈተው" ብትባሉ "ጋሼ፣ ይቀዝቅዝ" በሉ። ይህ ፍርሃት አይደለም፣ ሳይንስ ነው።

ጥያቄ ለአንባቢያን፦ አንድ ሚኒባስ መንገድ ላይ ደህና ይሄዳል፣ መናኸሪያ ቆሞ ሲጠብቅ ግን ይፈላል። መጀመሪያ ምኑ ይታይ? መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ለክለባችን ስጡ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!