ናያጋራ ደርሶ መመለስ የእናትን ቆይታ አያራዝምም

ጥያቄ፦ እናቴ አራስ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥታለች። ቪዛዋ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል የሦስት ወር ቪዛ ነበር፤ ጊዜው አልፏል። አውሮፕላን ማረፊያ ስትገባ ግን የስድስት ወር ቆይታ ሰጥተዋታል፤ ከዚያ ላይ ሁለት ወር ገደማ ይቀራታል። ልጄ ያለ ጊዜው ስለተወለደ አሁንም ሐኪም ቤት እንመላለሳለን፤ እሷ ከሄደችብኝ የሚያግዘኝ ሰው የለም። ሰዎች «ናያጋራ አካባቢ ወዳለችው ቡፋሎ በመኪና ውሰጃት፤ ካናዳን ረግጣ በዚያው ቀን ስትመለስ አዲስ ስድስት ወር ይሰጧታል» ይሉኛል። ያዋጣል? አሁንስ ያለችው ያለ ፈቃድ ነው?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎ። እናትዎ ዛሬ ያሉት በሕጋዊ ፈቃድ ነውና በዚህ አይጨነቁ። የካናዳው ጉዞ ግን አንድም ቀን አይጨምርላቸውም፤ ይባስ ብሎ የቀሯቸውን ሁለት ወራት ሊያሳጣቸው ይችላል።

ቪዛና ቆይታ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቪዛ ወደ አሜሪካ ድንበር መጥቶ «አስገቡኝ» ለማለት የሚያስችል ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች በአብዛኛው የሚሰጠው የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ በመሆኑ፣ ብዙ ቤተሰብ ቪዛው ሲያልፍ ቆይታውም ያለቀ ይመስለዋል። ቆይታን የሚወስነው ግን አይ 94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። የእናትዎን ፓስፖርት ይዘው የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይግቡና መዝገቡን ያትሙ። እስከ መቼ መቆየት እንደተፈቀደላቸው የሚያሳየውን ቀን ሲያነቡ በአሜሪካ አጻጻፍ ወር እንደሚቀድም ልብ ይበሉ፤ 04/07 ማለት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 እንጂ ሐምሌ 4 አይደለም። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱም እንዳይሳሳቱ ሁለቱንም ጽፈው ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ድንበሩ እንሂድ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ካናዳ ለመግባት የካናዳ ቪዛ ያስፈልገዋል። ያለዚያ የድንበሩን ድልድይ ተሻግረው ካናዳ ሳይገቡ ይመለሳሉ። የካናዳ ቪዛ ቢኖራቸው እንኳ፣ የአሜሪካ ቪዛቸው ለአንድ ጊዜ የተሰጠና ያገለገለ ነው። ሕጉ በዚህ ጊዜ አንድ ጠባብ በር ይከፍታል፦ አይ 94ቱ ያላለፈበት ጎብኚ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ከ30 ቀን ያልበለጠ ቆይቶ፣ እዚያ ሳለ አዲስ የአሜሪካ ቪዛ ካልጠየቀ፣ ጊዜው ባለፈ ቪዛው እንዲመለስ ሊፈቀድለት ይችላል። ሲመለስ ግን የሚገባው በዚያው በቀድሞው አይ 94 ላይ በቀረው ጊዜ ነው። ሕጉ የተጻፈው አጭር ጉዞ አድርጎ ለሚመለስ ሰው እንጂ ቆይታ ለማራዘም አይደለም።

«ጎረቤቴ አደረገችው፣ ተሳካላት» የሚሉ አሉ። የብዙ ጊዜ መግቢያ ያለው፣ ገና ያላለፈ ቪዛ የያዘ ሰው አዲስ ቀን የተሰጠው ጊዜ ሊኖር ይችላል። ያ ግን የመኮንኑ ውሳኔ እንጂ የተጓዡ መብት አይደለም። መኮንኑ «እኚህ ሴት የሚኖሩት እዚህ ነው» ብሎ ካመነ መግቢያ ሊከለክል፣ ከዚያም አልፎ የአምስት ዓመት እገዳ የሚያስከትል የማስወጣት ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ደግሞም ለምን እንደወጡ ተጠይቀው «ዘመድ ልጠይቅ» ብለው ሐሰት ቢናገሩ፣ በማታለል መግባት የዕድሜ ልክ እገዳ ያመጣል። እናትዎን ለዚህ አያጋልጡ።

ትክክለኛው መንገድ አይ 539 የተባለው የማራዘሚያ ማመልከቻ ነው። የሚቀርበው ለኢሚግሬሽን አገልግሎቱ ሲሆን፣ አይ 94ቱ ከማለቁ በፊት መግባት አለበት፤ መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ 45 ቀን ቀድሞ እንዲቀርብ ይመክራል። ለእናትዎ ሁለት ወር ገደማ ስለቀራቸው ጊዜው ዛሬ ነው። በኢንተርኔት ሲያመለክቱ 420 ዶላር፣ በወረቀት ሲሆን 470 ዶላር ይከፈላል፤ ከመክፈልዎ በፊት ግን የወቅቱን ዋጋ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ። ማራዘሚያው እስከ ስድስት ወር ሊሆን ይችላል።

ከማመልከቻው ጋር ሦስት ነገር በግልጽ ያሳዩ። አንደኛ፣ ምክንያቱን፦ ስለ ሕፃኑ ከሐኪሙ የተጻፈ ደብዳቤና የቀጠሮ ወረቀቶች። ሁለተኛ፣ ወጪያቸውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ፦ የእርስዎ የደመወዝና የባንክ ማስረጃ። ሦስተኛ፣ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚመለሱ፦ የቤት ካርታ፣ የጡረታ ወረቀት፣ እዚያ የሚጠብቃቸው ቤተሰብ፣ የመመለሻ ትኬት። የአማርኛ ሰነድ ሁሉ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ይቅረብ። በዚህ መካከል እናትዎ ለሌላ ሰው ልጅ በክፍያ እንዳይጠብቁ፤ በጎብኚ ፈቃድ በደመወዝ መሥራት ማራዘሚያውን ያስከለክላል።

በጊዜው የቀረበ እውነተኛ ማመልከቻ መልስ እስኪያገኝ ድረስ አይ 94ቱ ቢያልቅም እናትዎን ለእገዳ የሚዳርግ ሕገ ወጥ ቆይታ አይቆጠርባቸውም። መልሱ እምቢታ ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይሳፈሩ። ከ180 ቀን በላይ በሕገ ወጥነት ቆይቶ የወጣ ሰው ለሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ለአሥር ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። ከተፈቀደው ቀን ማለፍ በራሱም ቪዛን ያሰርዛል፤ ወደፊት አዲስ አበባ ኤምባሲ ሲቀርቡም መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

እርስዎ የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑና 21 ዓመት ከሞላዎት፣ ለእናትዎ የመኖሪያ ፈቃድ የማመልከት ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላል። ወደ ሀገር ቤት መመለስ የሚያስፈራቸው ነገር ካለ ደግሞ ጥገኝነት የሚጠየቀው በአጠቃላይ ከገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ሁለቱም ከጎብኚነት ሐሳብ ጋር የሚጋጩበት ቦታ ስላለ፣ ከማመልከትዎ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። ፎርም የሚሞሉ «ኖተሪ» የሚባሉ ሰዎች ጠበቃ አይደሉም።

እናትዎ በማንኛውም ምክንያት ድንበር ላይ ቢቆሙ፣ በምርመራው ወቅት ጠበቃ አጠገባቸው የማስቀመጥ መብት እንደሌላቸው ይወቁ። አስተርጓሚ መጠየቅ ግን ይችላሉ፤ ያልገባቸውን ወረቀት አይፈርሙ፤ መመለስ የሚፈሩ ከሆነ ፍርሃታቸውን በግልጽ ይናገሩ።

በዚህ ሳምንት አይ 94ቱን ያትሙ፣ የሐኪሙን ደብዳቤ ይጠይቁ፣ ማመልከቻውን ያስገቡ፣ የመቀበያ ደረሰኙንም ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጡ። ቡፋሎ ድረስ ሊነዱ ያሰቡትን ቀን ለዚህ ያውሉት። እናትዎ ሕጉን ጠብቀው ከሄዱ፣ ልጁ ሲያድግ ሊጠይቁት የሚመለሱበት በር አይዘጋባቸውም።