«መከላከያ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን ስለ አንድ ቃል ነው። እዚህ ካኩማ ቤት ለቤት የምትዞሩ በጎ ፈቃደኞች «መከላከያ» የሚለውን ቃል በቀን ብዙ ጊዜ ትናገሩታላችሁ። የሚያዳምጣችሁ ሰው ግን እናንተ ያሰባችሁትን ላይሰማ ይችላል።

ግሡ «ተከላከለ» ሲሆን ከ«ከለከለ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አንድ ክፉ ነገር እንዳይደርስ አገደ ማለት ነው። ከዚህ የወጣው «መከላከያ» ለብዙ ወንዶች መጀመሪያ የሚያስታውሰው ሠራዊቱን ነው። (ኳስ ወዳዶች ደግሞ በቅርብ ዓመታት ስሙን ወደ መቻል የለወጠውን ክለብ ያስታውሳሉ።) ከጦርነት ሸሽቶ ለመጣ ሰው «ነገ መከላከያ ይመጣል» የሚል ወሬ መልካም ዜና አይደለም።

በሴቶች መካከል ግን ቃሉ ሌላ ነው። «መከላከያ ትወስጃለሽ?» ብላ ጎረቤት ጎረቤቷን ስትጠይቅ «የወሊድ» የሚለውን ማንም አይጨምርም፤ የሦስት ወር መርፌ፣ እንክብል ወይም በክንድ የሚቀበረው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ዘንድ ሄዳችሁ «እህቴ፣ ነገ የመከላከያ መርፌ ስላለ ነይ» ብትሏት «አርግዤ የለም እንዴ! ምን መከላከያ ያስፈልገኛል?» ትላችኋለች። እንዲህ የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሴትየዋ አልተሳሳተችም፣ በራሷ አማርኛ የመለሰችው ትክክል ነው። ነገር ግን የቀረባት የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት ነው። እናቱ ያልተከተበች ሕፃን እትብቱ ንጹሕ ባልሆነ ነገር ከተቆረጠ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ጡት መጥባት ሊያቆም፣ ሰውነቱ ሊገተርና ሊሞት ይችላል። ከዚህ በፊት ያልተከተበች ነፍሰ ጡር ቢያንስ ሁለት ጊዜ መከተብ አለባት፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ይኖራል፣ ሁለተኛውም ከመውለዷ ቢያንስ 2 ሳምንት በፊት ሊሰጣት ይገባል። ስለዚህ በአንድ ቃል ምክንያት ወር ሁለት ወር ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ወሬም የሚያድገው እንዲህ ዓይነት ቦታ አግኝቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኬንያ የካቶሊክ ጳጳሳት የቴታነስ ክትባት ዘመቻውን ሴቶችን ሊያመክን ይችላል በሚል ተቃውመውት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ክትባቱ ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆኑን በጊዜው አስታውቀዋል። ይህን ክርክር የሰማች ሴት እኛም «መከላከያ» ብለን ስንጠራት ጥርጣሬዋ ቢጨምር ምን ይገርማል? ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት በኬንያ በ2019 ሲጀመር ዕድሜያቸው 10 ዓመት የሆኑትን ይዞ ነው። የ10 ዓመት ልጁ «መከላከያ ልትወጋ ነው» የተባለ አባት ቢቆጣ እኔ አልፈርድበትም።

ለዚህ ሁሉ «ክትባት» የሚል ንጹሕ ቃል አለን። «ከተበ» ከሚለው የመጣ ሲሆን በአንገት የሚንጠለጠለው «ክታብ»ም በፊደል ዘመዱ ነው። አንዳንድ እናቶች ሁለቱንም ለልጃቸው ይፈልጋሉ። ክታቡን አውልቂ ብላችሁ ጠብ አትጀምሩ፤ ክትባቱን ካገኘ ይበቃናል። ስትናገሩ ደግሞ የበሽታውን ስም ጨምሩበት፦ የኩፍኝ ክትባት፣ የፖሊዮ ክትባት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት። ለቤተሰብ ምጣኔው ደግሞ «የወሊድ መቆጣጠሪያ» ብትሉ ከሌላው ጋር አይምታታም።

ሰውነት ራሱ የሚያደርገው መከላከልም አለ። ክትባት የተሰጠው ሕፃን በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ቢያተኩሰው፣ የተወጋበት ቦታ ቢቀላ፣ ሰውነቱ ትግል እየተማረ ነው። የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት ግን ከአንድ ሳምንት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል እናቶች ይደናገጣሉ። «ክትባቱ አሳመመብኝ» ብላ በ9 ወሩ ያስከተበች እናት በ18 ወሩ የምትቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በእኔ አስተያየት «ምንም አይሰማውም» ብሎ ከማጽናናት «ሊያተኩሰው ይችላል፣ ጡት አዘውትሪለት» ብሎ አስቀድሞ መንገር ይሻላል። ሆኖም ካኩማ የወባ አገር ነውና ትኩሳትን ሁሉ በክትባት አናሳብብ። ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ልጁ ጡት እምቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ክሊኒክ አምጡት።

ሌላው ቃል «መቋቋም» ነው። «ሰውነቱ በሽታን ይቋቋማል» ስንል መልካም ነው። «መድኃኒት የሚቋቋም ቲቢ» ስንል ግን የሚቋቋመው ሰውየው ሳይሆን ተሐዋሲው ነው። ሕመምተኞች ይህንን «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይሉታል፤ ከዚያም «ትንሽ ልረፍ» ብለው ያቋርጡታል። የለመደው ጀርሙ ነው፤ ይበልጥ የሚለምደውም መድኃኒቱ ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ ለቲቢ ሕመምተኛ ስታስረዱ «ትሉ መድኃኒቱን ናቀው» ብትሉ እንኳ ይገባዋል፤ እኔ ብዙ ጊዜ የምለው እንዲሁ ነው።

ከሌላ ማኅበረሰብ ጋር የምትሠሩም ይህ ችግር ይጠብቃችኋል። በስዋሂሊ «ኪንጋ» በአንድ በኩል የሰውነት መከላከያ ኃይል፣ በሌላ በኩል ኮንዶም ሊሆን ስለሚችል ለክትባት «ቻንጆ» በሉ። በሶማሊኛ «ታላል»፣ በትግርኛ «ክታበት» ይባላል። ከመውጣታችሁ በፊት ቃሉን በሰፈሩ ለሚኖር ሰው አሰሙና ምን እንደገባው ጠይቁት።