የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ፦ የወይዘሮ ሮዝ ኬኔዲ ዕድሜና እምነት

ሀ. መግቢያ

ማንኛውም ድርሰት መንደርደሪያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ሊኖረው እንደሚገባ ባለፉት ትምህርቶች ተረድታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ትማራላችሁ። የሕይወት ታሪክ የአንድን ሰው ልደት፣ አስተዳደግ፣ ሥራና ዕረፍት የሚተርክ የድርሰት ዓይነት ነው። ባለታሪኩ ስለ ራሱ ሲጽፍ ጽሑፉ «ግለ ታሪክ» ይባላል።

የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ከሁለት ስሕተቶች መጠንቀቅ አለበት። አንደኛው ዓመታትን እየደረደሩ ማለፍ ነው። «በዚህ ዓመት ተወለደ፤ በዚህ ዓመት አገባ፤ በዚህ ዓመት ሞተ» ብቻ የሚል ጽሑፍ በመቃብር ሐውልት ላይ ቢቀረጽ ይበቃል፤ ድርሰት ግን አይባልም። ሁለተኛው ስሕተት ባለታሪኩን ማወደስ ብቻ ነው። እንከን የሌለበት ሰው የለምና ምስጋና ብቻ የሞላበትን ታሪክ አንባቢ አያምነውም። ስለዚህ ጸሐፊው መልካሙንም ጉድለቱንም በሚዛን ማቅረብ ይኖርበታል።

ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ በእምነታቸው ጽናት የታወቁ፣ 104 ዓመት የኖሩ የአንዲት ካቶሊካዊት እናት ታሪክ ነው። በምንባቡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ለ. ከማንበባችሁ በፊት

1. በቤተሰባችሁ ወይም በመንደራችሁ በዕድሜ የገፉ እናት አሉን? ኀዘን ሲደርስባቸው ምን ያደርጋሉ?
2. «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ማለት ነው?

ሐ. ምንባብ

ከጥምቀት እስከ ፍትሐት

ወይዘሮ ሮዝ ፊትዝጄራልድ ኬኔዲ ጁላይ 22 ቀን 1890 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በቦስተን ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ከአየርላንድ ተሰደው ከመጡ ካቶሊኮች ወገን ነበር። በዚያ ዘመን የአየርላንድ ስደተኞች በከተማዪቱ ነባር ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ዝቅ ተደርገው ይታዩ ስለ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ለእነርሱ የጸሎት ቤት ብቻ ሳትሆን መጠጊያና መመኪያም ነበረች። አባታቸው ጆን ፊትዝጄራልድ ግን በፖለቲካ ገፍተው በ1906 የቦስተን ከንቲባ ለመሆን በቁ።

ሮዝ በትምህርታቸው ብርቱ ነበሩ። ዌልስሊ በተባለው የሴቶች ኮሌጅ ገብተው ለመማር ተመኙ። ኮሌጁ የካቶሊክ ስላልነበረ አባታቸው ከለከሏቸውና ወደ ደናግል ትምህርት ቤት አስገቧቸው፤ በ1908ም ሆላንድ አገር ወደሚገኝ የደናግል አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳቸው። በዚያ የጸጥታን፣ የሥርዓትንና የዘወትር ጸሎትን ልማድ ቀሰሙ። ዌልስሊ ባለመግባታቸው እስከ እርጅናቸው ድረስ ቢቈጩም፣ ከደናግሉ ያገኙት እምነት የሕይወታቸው መሠረት ሆነ።

በ1914 ጆሴፍ ኬኔዲ ከተባሉ ወጣት የባንክ ሰው ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ከ1915 እስከ 1932 ባለው ጊዜ ውስጥም ዘጠኝ ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸውን ንግድ ከከተማ ከተማ ሲያዘዋውራቸው የልጆቹ አስተዳደግ በእናቲቱ ላይ ወደቀ። የዘጠኙ ልጆች ጉዳይ እንዳይምታታባቸው ለእያንዳንዱ ካርድ አዘጋጅተው ልጁ የተወለደበትን፣ የተጠመቀበትን፣ የመጀመሪያ ቍርባን የተቀበለበትን፣ የተከተበበትንና የታመመበትን ጊዜ ይመዘግቡ ነበር። የነፍስና የሥጋ ጉዳይ በአንድ ካርድ ላይ ጐን ለጐን ይሰፍር ነበር ማለት ነው። ልጆቹን ይዘው ለሽርሽር ሲወጡም ቤተ ክርስቲያን ለእሑድ ብቻ የተሠራች አለመሆኗን እንዲያውቁ ብለው ወደዚያ ጐራ ይሉ ነበር። እርሳቸው ራሳቸው በየዕለቱ ያስቀድሱ፣ መቍጠሪያ ይዘውም ይጸልዩ ነበር።

ኀዘን በየተራ መጣ። ሦስተኛ ልጃቸው ሮዝማሪ በአእምሮ ዕድገት ወደ ኋላ የቀረች ነበረች። በ1941 አባቷ በራሳቸው ውሳኔ የአንጐል ቀዶ ሕክምና አስደረጉላት፤ ሕክምናው ከሸፈና ልጅቱ መናገርና መራመድ እስኪሳናት ድረስ ተጐዳች። ቀሪ ዕድሜዋንም በእንክብካቤ ተቋም አሳለፈች። በ1944 የበኵር ልጃቸው ጆሴፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያበርረው የነበረው አውሮፕላን ፈንድቶ ሞተ። በዚያው ዓመት ሴት ልጃቸው ካትሊን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተከታይ የሆነ እንግሊዛዊ መኰንን አገባች። እናቲቱ ጋብቻው ከቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት የወጣ ስለ ነበር አጥብቀው ተቃወሙ። ሙሽራው ከአራት ወር በኋላ በጦር ሜዳ ወደቀ። ካትሊንም በ1948 ፈረንሳይ አገር ውስጥ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞተች። እናቷ በቀብሯ ላይ አልተገኙም።

በ1960 ልጃቸው ጆን የአሜሪካ ፕሬዚደንት ሆነው ተመረጡ፤ በአገሪቱ ታሪክም የመጀመሪያው ካቶሊካዊ ፕሬዚደንት ሆኑ። ኦክቶበር 1 ቀን 1963 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተንን በጐበኙ ጊዜ፣ የፕሬዚደንቱ ባለቤት ወደ ግሪክ ለመጓዝ ስለ ተነሡ፣ በዋይት ሐውስ በተደረገው የራት ግብዣ ላይ ከልጃቸው ጋር ሆነው እንግዳውን ያስተናገዱት ወይዘሮ ሮዝ ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 22 ቀን፣ ፕሬዚደንቱ በዳላስ ከተማ በጥይት ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱም ለቀብሩ ሥነ ሥርዓት ተመልሰው ዋሽንግተን ገቡ። እናቲቱ በግድያው ማግስት ማለዳ ተነሥተው እንደ ዘወትር ልማዳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በ1968 ሌላው ልጃቸው ሴናተር ሮበርት ሎስ አንጀለስ ላይ በጥይት በተመቱ ጊዜም እንዲሁ አደረጉ። በ1969 ከ1961 ጀምሮ በሕመም ሽባ ሆነው የኖሩት ባለቤታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ሮዝ በ1974 ግለ ታሪካቸውን አሳተሙ። የሮዝማሪን ነገር ቤተሰቡ ለብዙ ዘመን ደብቆት ቢቈይም፣ በኋላ እናቲቱ ስለ አእምሮ ዕድገት ዝግመት በአደባባይ እየተናገሩ የገንዘብ ርዳታ ያሰባስቡ ጀመር። ሌላዋ ሴት ልጃቸው ዩኒስ ደግሞ በ1968 እንደ እኅታቸው ላሉ ሰዎች «ስፔሻል ኦሊምፒክስ» የተባለውን የስፖርት ውድድር መሠረቱ። ወይዘሮ ሮዝ በ1984 በጽኑ ታመው የቀረ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አሳለፉ። ጃንዋሪ 22 ቀን 1995 በ104 ዓመታቸው ዐረፉ። ከዘጠኙ ልጆቻቸው አራቱ ቀድመዋቸው ሞተዋል። ጸሎተ ፍትሐት የተደረገላቸው በሕፃንነታቸው ክርስትና በተነሡበት፣ በቦስተኑ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

መ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. ወይዘሮ ሮዝ በፈለጉት ኮሌጅ ያልተማሩት ለምንድን ነው?
2. ስለ ልጆች ካርድ የሚናገረው ክፍል ከምንባቡ ቢወጣ ስለ ባለታሪኳ ምን ሳናውቅ እንቀር ነበር?
3. የምንባቡ መደምደሚያ ከመንደርደሪያው ጋር የተያያዘው በምን ነገር ነው?
4. «እናቷ በቀብሯ ላይ አልተገኙም» የሚለው ዐረፍተ ነገር አጭር ነው። ጸሐፊው ምክንያቱን አልተናገረም፤ አልፈረደምም። ይህን በማድረጉ ልክ ነው ትላላችሁን? መልሳችሁን አስረዱ።

አራተኛውን ጥያቄ ከመመለሳችሁ በፊት ይህን አስቡ። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ሰው ያደረገውን ማወቅ ይችላል፤ በልቡ የነበረውን ግን ሁልጊዜ ማወቅ አይችልም። የማያውቀውን ፈጥሮ ከመጻፍ ይልቅ የሚያውቀውን አስፍሮ ፍርዱን ለአንባቢ መተው ይሻለዋል።

ሠ. ሰዋስው፦ «ስለ» እና «ቢ…ም»

ዋና ዐረፍተ ነገር ብቻውን ቢቆም ሙሉ ሐሳብ ይሰጣል። ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ግን ዋናውን ተመርኵዞ ይቆማል። በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ከጥገኛው ግስ ጋር በሚገቡት ቃላትና ምዕላዶች ይታወቃል።

1. ምክንያትን ለማመልከት «ስለ» ከግሱ በፊት ይገባል።
ምሳሌ፦ ኮሌጁ የካቶሊክ ስላልነበረ አባታቸው ከለከሏቸው።

2. ተቃራኒ ሐሳብን ለማመልከት «ቢ» ከግሱ በፊት፣ «ም» ከግሱ በኋላ ይገባሉ። ሐሳቡን ለማጠንከር «ምንም እንኳ» ሊቀድም ይችላል።
ምሳሌ፦ ምንም እንኳ ዌልስሊ ባለመግባታቸው ቢቈጩም፣ ከደናግሉ ያገኙት እምነት የሕይወታቸው መሠረት ሆነ።

አሁን የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አወዳድሩ።

(ሀ) ወይዘሮ ሮዝ ጽኑ እምነት ስለ ነበራቸው ኀዘን አልጐዳቸውም።
(ለ) ኀዘን ቢጐዳቸውም ወይዘሮ ሮዝ ከእምነታቸው አልተለዩም።

በሰዋስው ረገድ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በሐሳብ ግን በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው አራት ልጆቿን የቀበረችን እናት እንደማይሰማት ድንጋይ አድርጎ ያቀርባል። ሁለተኛው ግን ኀዘኑንም እምነቱንም አንድ ላይ ይይዛል፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። በኀዘን ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ስላልተጐዳ አይሄድም፤ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ስለ ተጐዳ ነው። ስለዚህ በ«ስለ» ፈንታ «ቢ…ም»ን መምረጥ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለ ሰው እውነቱን የመናገር ጉዳይም ነው።

መልመጃ። የሚከተሉትን ጥገኛ ዐረፍተ ነገሮች በተስማሚ ዋና ዐረፍተ ነገር አሟሉ።

1. ባለቤታቸው ለንግድ ከቤት ስለሚርቁ ________።
2. ምንም እንኳ ሮዝማሪ ከሌሎቹ ልጆች የተለየች ብትሆንም ________።
3. እናቲቱ የካትሊንን ጋብቻ ስለ ተቃወሙ ________።
4. ምንም እንኳ ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት ቢያልፍም ________።

ረ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ የሚኖሩ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ምረጡና የሕይወት ታሪካቸውን ከ25 እስከ 30 በሚደርሱ መስመሮች ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት የሚከተሉትን ፈጽሙ።

1. ወደ ባለታሪኩ ሄዳችሁ በአክብሮት ፈቃድ ጠይቁ። ሊናገሩት ያልፈለጉትን ነገር አታስጨንቋቸው።
2. የሰማችሁትን በማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፉ። የዓመታቱን ቅደም ተከተል ከሌላ የቤተሰብ አባል ጠይቃችሁ አረጋግጡ።
3. ባለታሪኩን ከሌላው ሰው የሚለይ አንድ ትንሽ ልማድ ፈልጉ። በምንባቡ ውስጥ የልጆቹ ካርድ ያገለገለው ለዚህ ነው።
4. በሐተታው ውስጥ ቢያንስ አንድ የደስታና አንድ የኀዘን ጊዜ አስገቡ። «ቢ…ም» ያለባቸው ሦስት ዐረፍተ ነገሮችም ይኑሩት።
5. ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ድርሰቱን ለባለታሪኩ አንብቡላቸው። «ይህ እኔን አይመስልም» ያሉትን ቦታ እንደገና መርምሩት፤ የተሳሳታችሁት እናንተ ከሆናችሁ አርሙት።

ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁት ታሪክ ካልተጻፈ አብሯቸው እንደሚቀበር አትዘንጉ። ስለዚህ ይህን ድርሰት ለማርክ ብቻ ብላችሁ አትጻፉት። ቤተሰቡ በሣጥኑ ውስጥ ሊያስቀምጠው የሚወድ ጽሑፍ አድርጋችሁ ጻፉት።