እሳት እንደ መሣሪያ፦ በጠረጴዛ የሚና ጨዋታዎች ውስጥ የኃይል ሚዛን ጥያቄና ከሞጣ አካባቢ የተወሰደ ማሳያ

አኅጽሮተ ጥናት

በምናባዊ ዓለም ላይ የሚመሠረቱ የጠረጴዛ የሚና ጨዋታዎች እሳትን እንደ ሰይፍና እንደ ቀስት በጉዳት ቁጥር ይለኩታል። ይህ ጽሑፍ መለኪያው የእሳትን ዋና ጠባይ፣ ማለትም መቆየቱን፣ መዛመቱንና ወዳጅን ከጠላት አለመለየቱን፣ እንደሚያጎድል ያሳያል። የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሕግጋት ከመረመረ በኋላ የሞጣን ገጠር መልክዓ ምድር እንደ ማሳያ ወስዶ አጭር የሕግ ማሻሻያ ያቀርባል።

1. መግቢያ

በሚና ጨዋታ አንድ ሰው ጨዋታውን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ፤ ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ ድርጊት በዳይስ ይወሰናል። «ሚዛን» የሚባለው አንድ የውጊያ መንገድ ሌሎቹን ሁሉ ከንቱ እንዳያደርግ የሚጠብቅ የሕግ አወቃቀር ነው። ሰይፍ ሁልጊዜ ከጦር የሚበልጥ ከሆነ ጦር የሚመርጥ ተጫዋች አይኖርም።

እሳት በዚህ ረገድ ከሌሎች መሣሪያዎች ይለያል። ሰይፍ የያዘው እጅ ሲቆም ይቆማል። እሳት ግን ለኳሹ ከሄደ በኋላም ሥራውን ይቀጥላል። የጥናቱ ጥያቄ፣ ይህ ጠባይ በጨዋታ ሕግ ውስጥ በምን መልክ ሊለካ ይችላል የሚል ነው።

2. ነባሮቹ ሕግጋት

የጨዋታው አስማታዊ «የእሳት ኳስ» ምንጩ የጦር ሜዳ ጨዋታ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በጋሪ ጋይጋክስና በጄፍ ፔረን የተዘጋጀው ቼይንሜል የእሳት ኳስን የሚመታውን ስፋት ከትልቅ የድንጋይ መወርወሪያ ጋር አመሳስሎ ነበር። ስለዚህ አስማቱ ከጅምሩ የታሰበው ለሠራዊት እንጂ ለመንደር አልነበረም። በ1974 እ.ኤ.አ. ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሲያሳትሙ ይኸው መሣሪያ ወደ አንድ ግለሰብ እጅ ገባ።

በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ አንድ አስተዋይ ገደብ ነበረው። የእሳት ኳሱ 33,000 ኪዩቢክ ጫማ ያህል ቦታ መሙላት ነበረበት። በጠባብ ዋሻ ውስጥ የተወረወረ እንደሆነ እሳቱ የሚሄድበት አጥቶ ወደ ወርዋሪው ይመለሳል። ሚዛኑ የተገኘው ጉዳቱን በመቀነስ ሳይሆን ቦታው ራሱ በተጫዋቹ ላይ እንዲፈርድ በማድረግ ነው። የኋለኞቹ እትሞች ስሌቱን ለማቅለል ሲሉ ይህን ገደብ ትተውታል።

በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛ እትም ስለ እሳት ሦስት ጠቃሚ ማሳያዎች ይሰጣል።

የመጀመሪያው የመብራት ዘይት ነው። አንድ ብልቃጥ ዘይት የሚሸጠው በአንድ የብር ሳንቲም ሲሆን መሬት ላይ ፈስሶ ሲለኮስ ለሁለት ዙር ይነድዳል፤ በውስጡ ላለፈ ወይም ለቆመ ሰው 5 ነጥብ ጉዳት ያደርሳል። 15 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣው ረጅም ሰይፍ በአንድ እጅ ሲያዝ የተዋጊው ጉልበት ሳይታከልበት በአማካይ 4.5 ነጥብ ይጎዳል። አንድ ወርቅ አሥር ብር በመሆኑ በአንድ ሰይፍ ዋጋ 150 ብልቃጥ ዘይት ይገዛል። በዋጋና በጉዳት ብቻ ከተለካ ሰይፍ የሚገዛ ሰው ሊኖር አይገባም።

ሁለተኛው በ50 ወርቅ የሚሸጠው ተጣባቂ እሳት ነው። የተለኮሰበት ሰው በየተራው መጀመሪያ በባለ አራት ገጽ ዳይስ፣ በአማካይ 2.5 ነጥብ፣ ይጎዳል፤ ለማጥፋት ደግሞ ተራውን ሰጥቶ በባለ ሃያ ገጽ ዳይስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ልዩ ቅልጥፍና የሌለው ሰው የመሳካት ዕድሉ 55 በመቶ ስለሆነ እሳቱን ለማጥፋት በአማካይ 1.8 ተራ ይፈጅበታል፤ ጠቅላላ ጉዳቱም 4.5 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ከአንድ የሰይፍ ምት አይበልጥም። ልዩነቱ የተቃጠለው ሰው ሁለት ተራ ያህል ሌላ ነገር መሥራት አለመቻሉ ነው። ከሦስቱ ሕግጋት ለእሳት እውነተኛ ጠባይ የሚቀርበው ይህ ነው፤ የሚወስደው ጊዜን ነውና።

ሦስተኛው የእሳት ኳስ ነው። ስድስት ሜትር ያህል ራዲየስ ባለው ክብ ውስጥ ላሉ ሁሉ ስምንት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ፣ በአማካይ 28 ነጥብ፣ ጉዳት ያደርሳል። ዳይስ የቀናው ሰው ግማሹን ብቻ ይቀበላል። ተራ ሰው በመጽሐፉ የተሰጠው የሕይወት ነጥብ 4 ነው። ስምንት ዳይስ ሊያመጣ የሚችለው ትንሹ ቁጥር 8፣ ግማሹም 4 በመሆኑ፣ በክቡ ውስጥ ያለ ተራ ሰው ዕጣው ምንም ያህል ቢቀናው አይተርፍም። ሕጉ አስማቱ ተቀጣጣይ ዕቃዎችን እንደሚያነድ ይጠቅሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ለጨዋታው መሪ ይተዋል።

3. የሞጣ ማሳያ

በታኅሣሥ ወር በሞጣ ዙሪያ ባለ አንድ የገበሬ ግቢ የሚካሄድ የጨዋታ ትዕይንት ይታሰብ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ በአውድማው ጭድ ተቆልሏል፤ ጎጆው ሣር ክዳን ነው፤ ግድግዳው በጭቃ ተመርጓል። ሦስት ሽፍቶች ባለቤቶቹን አግተው ከግቢው ውስጥ መሽገዋል። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው፤ አንዷ የእሳት ኳስ የምትወረውር ጠንቋይ ናት።

በመጽሐፉ መሠረት የአንድ ሽፍታ የሕይወት ነጥብ 11 ነው። ጠንቋይዋ አንድ ጊዜ ብትወረውር ሦስቱም ሽፍቶች የመሞታቸው ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው። ውጊያው በአንድ ተራ ያልቃል፤ ሌሎቹ ሦስት ተጫዋቾች ተመልካች ይሆናሉ። ነባሩ የሚዛን ሒሳብ የሚያየው ጉድለት ይህን ብቻ ነው። ቤተሰቡ፣ የዓመቱ እህልና ከነፋሱ በታች ያሉት የጎረቤት ጎጆዎች በሒሳቡ ውስጥ አይገቡም።

ይህ ጉድለት በኢትዮጵያ ለሚጫወት ሰው ሩቅ አይደለም። በ1866 እ.ኤ.አ. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ሲያቃጥሉ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ጋይተዋል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ፋሽስቶች በአዲስ አበባ ነዋሪዎችን ከነቤታቸው በቤንዚን አቃጥለዋል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች በእሳት ወድመዋል። ሦስቱ ድርጊቶች በዘመንም በምክንያትም የተለያዩ ናቸው። የሚገናኙት እሳቱ ያረፈው በታጠቀ ተዋጊ ላይ ሳይሆን በመኖሪያ፣ በአምልኮና በመተዳደሪያ ስፍራ ላይ በመሆኑ ነው። ጉዳቱን በተዋጊ የሕይወት ነጥብ ብቻ የሚቆጥር ጨዋታ በእንዲህ ያለ ስፍራ ላደገ ተጫዋች የሚያውቀውን ነገር ክዶ ያቀርብለታል።

4. የቀረበው ማሻሻያ

የሚከተሉት ሦስት ሕግጋት የጉዳት ቁጥሮቹን እንዳሉ ትተው ከቁጥሩ ውጭ የቀረውን ይጨምራሉ።

ማገዶ፦ እያንዳንዱ የመጫወቻ ስፍራ ከሦስት ምልክቶች አንዱን ያገኛል። ድንጋይና ጭቃ «አይነድድም»፤ የቆመ እንጨት «ይዘገያል»፤ ሣር ክዳንና ጭድ «ይፈጥናል»።

ወቅትና ነፋስ፦ በየዙሩ መጨረሻ ከሚነድደው ስፍራ በነፋሱ አቅጣጫ ላለው አጠገብ ስፍራ አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይወረወራል። ፈጣን ማገዶ በበጋ 3 ወይም ከዚያ በላይ ሲመጣ፣ በክረምት ግን 6 ሲመጣ ብቻ ይያያዛል። ለዘገየ ማገዶ በበጋ 6 ያስፈልጋል፤ በክረምት አይያያዝም። በዚህ ስሌት የጎረቤት ሣር ክዳን ከሦስት ዙር በኋላ ሳይነካ የመቆየት ዕድሉ በበጋ 4 በመቶ፣ በክረምት 58 በመቶ ገደማ ነው። ያው ብልቃጥ ዘይት በታኅሣሥና በነሐሴ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ይሆናል።

ማዳን፦ አንድ ስፍራ በተያያዘበት ዙር ሦስት ሰዎች ተራቸውን ከሰጡ እሳቱ ይጠፋል። ካለፈ በኋላ የሚቻለው የጎረቤቱን ክዳን አፍርሶ መንገዱን መቁረጥ ነው፤ ይህም ሁለት ተራ ይፈጃል። እሳት የለኮሰ ቡድን ያተረፈውን ጊዜ ለማዳን ይከፍለዋል፤ ለማዳን እምቢ ካለም የመንደሩ ሰው መጠለያ፣ ስንቅና መንገድ መሪ ይነፍገዋል።

በማሳያው ትዕይንት ጠንቋይዋ አሁንም የእሳት ኳሷን መወርወር ትችላለች። ሆኖም ከታጋቾቹ ሞት በተጨማሪ ቀጣዮቹ ዙሮች ለአራቱም ተጫዋቾች የእሳት ማጥፋት ዙሮች ይሆናሉ። ሽፍቶቹን ከጭድ ክምሩ አርቆ ወደ ድንጋይ ካቡ ማባበል፣ ወይም በችቦ ብቻ ማስፈራራት፣ ትርጉም ያለው ምርጫ ሆኖ ይመጣል።

5. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ተጨማሪ ዳይስ ጨዋታውን ያንዛዛል የሚል ነው። ምልክቶቹ በሦስት የተወሰኑትና ውርወራው በነፋሱ አቅጣጫ ብቻ የሆነው ለዚሁ ነው። ሁለተኛው፣ ጠንቋይ የመረጠ ተጫዋች ደስታውን ያጣል የሚል ነው። ማሻሻያው ግን በሜዳ፣ በድንጋይ ምሽግና በክረምት የእሳትን ኃይል አይነካም፤ የሚያከብደው ሰው በሚኖርበት ስፍራ ብቻ ነው።

6. ማጠቃለያ

የእሳት ሚዛን ችግር ጉዳቱ መብዛቱ ወይም ማነሱ ሳይሆን ሕጉ ጉዳቱን የሚቆጥርበት ክልል መጥበቡ ነው። የ1978ቱ የቦታ ሕግና የተጣባቂው እሳት የጊዜ ሕግ መፍትሔው በጨዋታው ታሪክ ውስጥ እንደነበረ ያሳያሉ። የቀረቡት ቁጥሮች በስሌት የተገኙ በመሆናቸው ቀጣዩ ሥራ በተጫዋቾች መካከል መፈተን ነው። በተለይም የማዳን ሕግ ተጫዋቾችን እሳት ከመለኮሳቸው በፊት ያመካክራቸው እንደሆነ መመዝገብ ይገባል።