ቅጠል በጨርቅ ላይ እንዴት ይታተማል?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መጸው በመጣ ጊዜ ብዙዎቹ ዛፎች ቅጠላቸውን ከማርገፋቸው በፊት ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ይሆናሉ። መጸው በኛ አገር የአበባ ወራት እንደ ሆነ ሁሉ፣ በነርሱ ዘንድ የሚረግፍ ቅጠል ወራት ነው። ይህን ቅጠል ለቅመው መልኩን በጨርቅ ላይ የሚያትሙ ሰዎች አሉ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ምክንያቱን ሳያውቁ የጀመሩት እንደ ሆነ ያማረው ጨርቅ በጥቂት እጥበት ገርጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ምክንያቱን አስቀድመን፣ አሠራሩን አስከትለን እንመለከታለን።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ቅጠሉ የሚያትመው ለዓይን የሚታየውን ቀለም አለመሆኑ ነው። አረንጓዴው ክሎሮፊል ሲፈርስ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ይገለጣል፤ ይህ ቢጫ ግን በውሃ ስለማይሟሟ ወደ ጨርቁ እምብዛም አይሻገርም። ቀዩም ቢሆን ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይጠፋል። በጨርቁ ላይ የሚቀሩት በቅጠሉ ውስጥ ተሰውረው የሚኖሩት ታኒንና ፍላቮኖይድ የተባሉት ናቸው። ታኒን ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች የሚገለገሉበት፣ ወፍራም ሻይንም አፍ የሚያኰማትር የሚያደርገው ነገር ነው።

ሁለተኛው ጕዳይ ጨርቁ ነው። የበግ ጠጕርና ሐር ሥሪታቸው ፕሮቲን ስለ ሆነ ቀለምን በቀላሉ ይቀበላሉ። ጥጥ ግን ሴሉሎስ ነው፤ ከቀለሙ ጋር የሚያስታርቀው አማላጅ ይፈልጋል። አማላጁም ሞርዳንት የሚባለው የማዕድን ጨው ነው። ሸብ ቀለሙን ሳያጨልም ያጸናዋል። የዛገ ሚስማር በአቼቶ ተዘፍዝፎ የሚገኘው ውሃ ደግሞ ከታኒን ጋር ሲገናኝ ግራጫና ጥቁር ይሆናል።

ይህ ጥበብ ለኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ዕፀዋት ቀለም መጽሐፍ ያሳተመችው አውስትራሊያዊት የጥበብ ሰው ኢንዲያ ፍሊንት በሰፊው ያስተዋወቀችው የባሕር ዛፍ ቅጠል ኅትመትን ነው። ባሕር ዛፍም ከዚያው ከአውስትራሊያ የተገኘ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ዛፍ ነው። ቅጠሉ በበግ ጠጕር ላይ ያለ ሞርዳንት እንኳ ያትማል፤ እንደ ዛፉ ዓይነትም ከቢጫና ቡናማ እስከ ብርቱካንማ ቀይ ይሰጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራልና እኛ የምናውቀው ለምጣድ ማገዶነቱ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ጨርቁን በሳሙና አጥቦ ቅባቱን ማስለቀቅ። ጥጥ ይፈላል፤ የበግ ጠጕር ግን እንዳይኰማተር በለብታ ውሃ ይታጠባል።

2ኛ፤ ጥጥ ከሆነ በወፍራም ሻይ ወይም በሮማን ልጣጭ ውሃ ማሳደር፤ ከዚያም ለ100 ግራም ደረቅ ጨርቅ 15 ግራም ሸብ በሙቅ ውሃ አሟሙቶ መዘፍዘፍ።

3ኛ፤ የራሰውን ቅጠል በእርጥቡ ጨርቅ ላይ መደርደር፣ በበትር ላይ አጥብቆ መጠቅለልና በሲባጎ መጠፈር። ቅጠሉ ከጨርቁ ካልተጣበቀ መልኩ ይደበዝዛል።

4ኛ፤ ጥቅሉን በእንፋሎት ሁለት ሰዓት ያህል ማቆየት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ለቈላ አገር ሰው የተጻፈው ጊዜ ለኛ ሊያጥር ይችላል።

5ኛ፤ ጥቅሉ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ፈትቶ በጥላ ማድረቅ፤ ከሳምንት በኋላም በለስላሳ ሳሙና ማጠብ።

ለዚህ ሥራ የዋለ ድስት ወጥ አይሠራበትም። የዝገቱም ውሃ ሲበዛ ጥጡን ያሳሳዋል፤ ጨርቁም ውሎ አድሮ ይበጣጠሳል። እንግዲህ «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው» ማለት ጕዳት የለበትም ማለት አይደለም።

የታተመውንም ጨርቅ ለሰው ከመስጠት በፊት መፈተን ይገባል። ቁራጩን ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን በሣጥን ማስቀመጥ፣ ሁለተኛውን ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ማዋልና ደጋግሞ ማጠብ፤ ከዚያም ሁለቱን ማስተያየት ነው። ሸማኔ በብዙ ቀን ድካም የሠራውን ሸማ የማይጸና ቀለም ቀብቶ መሸጥ በሠሪውም በገዢውም ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስድቡ ቢቀንስም፣ ዕውቀት በብዕር ብቻ ይገኛል የሚለው አስተሳሰብ ከኛ ከተማሪዎች ዘንድ ገና አልጠፋም። ከላይ ያየነው ግን ፕሮቲንና ሴሉሎስ፣ ታኒንና ብረት በአንድ ድስት ውስጥ የሚገናኙበት ትምህርት ነው። የኬሚስትሪ ተማሪው ምክንያቱን፣ የኪነ ጥበብ ተማሪው መልኩን፣ ሸማኔው የድርና የማጉን ጠባይ ያውቃል። ሦስቱ ተቀምጠው ቢነጋገሩ ብዙ ይገኛል፤ ወደ ሸማኔው ስንሄድም ልናስተምረው ብቻ ሳይሆን ልንጠይቀውም መሆን አለበት።