የላሟ ግሳት ስንት ኪሎ ነው?

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ የከብት እርባታ አየሩን እንደሚያሞቅ በስልጠና ላይ ነገሩን። ወደ ቀበሌዬ ስመለስ ለገበሬው ምን ብዬ ላስረዳው? ፋብሪካ የለው፣ መኪና የለው።

አዛውንቱ፦ ጋዙ ከየት እንደሚመጣ ንገሪው። ላም የበላችው ጭድ ጨጓራዋ ውስጥ በረቂቅ ተሕዋስያን ሲብላላ ሜቴን ይፈጠራል። ሰው ከኋላዋ የሚወጣ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን ስታገሳ በአፏ ነው የሚወጣው። በመቶ ዓመት ሲታሰብ አንድ ኪሎ ሜቴን 28 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያሞቃል።

ጠያቂ፦ የእኛን ላም ግሳት ግን ማን ለካው?

አዛውንቱ፦ እሱን መጠየቅሽ ደስ አሰኘኝ። በአብዛኛው አልተለካም፣ ተሰልቶ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአፍሪካ የወተት ላም በዓመት 46 ኪሎ ሜቴን፣ ለሌላው ከብት 31 ኪሎ መድቦ ነበር። የከብቱን ብዛት በዚያ ማባዛት ነው። የቦረና ኮርማም የመንዝ ጊደርም እኩል 31! አገራችን በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010 እ.ኤ.አ. ልቀቷን 150 ሚሊዮን ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ብላ፣ 65 ሚሊዮን ያህሉ ከእንስሳት ነው ብላለች። ይህን የሚያህል ሸክም በጥቅል ግምት መሸከም አይገባንም። ከዚህ የተሻለው ስሌት ግን የከብቱን ክብደት፣ መኖውንና ወተቱን ይጠይቃል።

ጠያቂ፦ በቀጥታ መለካት አይቻልም?

አዛውንቱ፦ ይቻላል። ናይሮቢ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ማዚንጊራ ማዕከል ከብቱን ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብቶ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ይመረምራል። ወጪው ግን ከባድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀበሌ አይደርስም።

ጠያቂ፦ ማሳ ላይ የሚበተነው ዩሪያ ማዳበሪያስ ጋዝ ያወጣል?

አዛውንቱ፦ እሱ የሚያወጣው ሌላ ጋዝ ነው፣ ናይትረስ ኦክሳይድ። ለመለካት ማሳው ላይ ቀለበት አስቀድሞ ይቀበራል፤ በላዩ ክዳን ይገጠማል። ከዚያ ክዳኑ እንደተገጠመ፣ በ10ኛው፣ በ20ኛውና በ30ኛው ደቂቃ በመርፌ አየር እየተሳበ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፤ ላቦራቶሪ ደግሞ ምን ያህል እንደጨመረ ያነባል። ክዳኑ ትንሽ ካስተነፈሰ ልፋቱ ሁሉ ባከነ። የባሰው ችግር ጊዜው ነው። ማዳበሪያ ከተበተነ በኋላ ዝናብ ሲወርድ ጋዙ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል። ባለሙያው በወር አንዴ ብቻ ከመጣ ዋናው አልፎታል፤ ማሳው ንጹሕ ነው ብሎ ይመለሳል።

ጠያቂ፦ መጠኑስ ስንት ይሆናል?

አዛውንቱ፦ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። በ2006ቱ መመሪያ ከዚያ ውስጥ ከመቶ አንዱ ጋዝ ይሆናል፤ 0.72 ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ ማለት ነው። አንዱ ኪሎ እንደ 273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያሞቅ፣ በ273 ብታባዢው ወደ 200 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው መመሪያ ለእርጥብ አካባቢ ወደ 1.6 ከመቶ ከፍ፣ ለደረቅ ወደ 0.5 ዝቅ አድርጎታል። ጎጃምንና ምሥራቅ ሐረርጌን በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም ማለት ነው።

ጠያቂ፦ እንግዲያ ማዳበሪያ ቀንሱ ልበላቸው?

አዛውንቱ፦ በፍጹም! መሬቱ የተራበ ነው። ሰብሉ ሳይወስደው የሚባክነውን ግን መቀነስ ይቻላል። ዩሪያውን ሁለት ጊዜ ከፍለው፣ ሰብሉ በሚፈልገው ሰዓት ሰጥተው በአፈር ይሸፍኑት። ላሟንም እንደዚሁ። የ2006ቱ መመሪያ 46 ኪሎ ሜቴኑን ያሰላው በዓመት 475 ኪሎ ወተት ለምትሰጥ ላም ነው፤ ለአንድ ኪሎ ወተት 97 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። ፋጉሎና ፉርሽካ አግኝታ ወተቷ ቢበዛ ጋዟ ትንሽ ይጨምር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ወተት የሚደርሰው ግን ይቀንሳል።

ጠያቂ፦ እኔ ከምን ልጀምር?

አዛውንቱ፦ ከሜትር። ከፊት እግሯ ኋላ ደረቷን ዙሪያውን ለኪ፤ ክብደቷን ከዚያ መገመት ይቻላል። አንዴ በግንቦት ስትከሳ፣ አንዴ መስክ ከጠገበች በኋላ በጥቅምት። ከጎኑ የበላችውንና የታለበችውን ጻፊ። በሬና ጊደርን ለየብቻ መዝግቢ፣ አንድ ላይ እንዳትደምሪያቸው።