ዒላማን የመምታት ልምምድ፦ በአንድ ርቀት ወይስ በተለያየ?

በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ተማሪዎችን አሰልፎ ኳስ ከአንድ ርቀት ደጋግመው እንዲወረውሩ ማድረጉ የተለመደ ነው። መሻሻሉ ወዲያው ስለሚታይ ዘዴው አሳማኝ ይመስላል። ከር እና ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ጥናት ግን ይህን እምነት ይፈታተናል። የ8 ዓመት ሕፃናት ትንሽ ከረጢት ወደ ዒላማ ሲወረውሩ ከፊሎቹ በ3 ጫማ ርቀት ብቻ፣ ሌሎቹ በ2 እና በ4 ጫማ ተለማመዱ። ኋላ ሁሉም በ3 ጫማ ሲፈተኑ የተሻሉት ልምምዳቸው ያን ርቀት ያላካተተው ሆኑ።

ማብራሪያው ሪቻርድ ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1975 ካቀረበው የስኪማ ንድፈ ሐሳብ የሚቀዳ ነው፤ ሕፃኑ የሚይዘው አንድን ውርወራ ሳይሆን ርቀትን ከጉልበት ጋር የሚያዛምድ ደንብ ነው፤ ደንቡም የሚጠነክረው ልዩነት ሲኖር ነው። እርግጥ ከረጢት መወርወር ቀላል ተግባር ነው፤ የመረብ ኳስ ሰርቭ ገና ለጀመረ ሕፃን ርቀትን ቶሎ መለዋወጥ ሊያደናግረው ይችላል።

ይበልጥ አሳሳቢው ምዘናው ነው። በልምምዱ ማብቂያ የሚሰጥ ማርክ የዕለቱን ብቃት እንጂ ጸንቶ የሚቆየውን ክህሎት አይለካም፤ በተለያየ ርቀት የተለማመደው ሕፃንም በዚያች ሰዓት ደካማ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ፈተናውን ወደሚቀጥለው ሳምንት፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ወዳለው ጊዜ ማዛወር አንድ ኳስና አንድ የኖራ መስመር ብቻ ይጠይቃል።